የሠላሳ አንደኛው ሽቦ ቀኝ ጫፍ

ሂስከ ቴርፕስትራ የዶክትሬት ጽሑፏን በጉባኤ ፊት በምትከላከልበት ቀን ጠዋት ንዴት ይዟት ተነሳች። ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ይፈራል። እሷ ግን ከአልጋዋ ስትወርድ ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ነበር። የፀጉር መያዣዋን ስታስር ሰበረችው። የብስክሌቷ ቁልፍ አልከፈት ሲላት ጎማውን በእርግጫ አለችው። ለራሷ የነገረችው የተናደደችው በአማካሪዋ በዲዴሪክ ኦስተርሎ እንደሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከንዴቱ የሚበዛው የራሷ ድርሻ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ተፈታኝና ሚዜዎች የሚለባብሱባት ጠባብ ክፍል አለች። ሚዜ የሌለው ተፈታኝ የለም፤ ጥቁር ለብሰው በግራና በቀኙ ይቆማሉ፣ ምንም አይናገሩም። የሂስከ ሚዜዎች ታላቅ እህቷ ባውክየና ሽቦዎቹን የሚያሳድገው ቼርድ ሆክስትራ ነበሩ። ቼርድ የተከራየው ባለ ጭራ ኮት እጅጌው አጥሮበት በመስተዋቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

«ቀባሪ አልመስልም?» አለ።

«ቀባሪ እንኳ ቋሚ ሥራ አለው» አለችው ባውክየ፣ ለቀልድ ብላ።

ቼርድ ሳቀ። ሂስከ አልሳቀችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቼርድ ውል ያበቃል፤ አይታደስም። ለምን እንደማይታደስም ዲዴሪክ በደብዳቤ አስፍሮ ሰጥቶታል። ሽቦዎቹ ንጽህና ይጎድላቸዋል፣ የአሳዳጊው እጅ ጥንቃቄ ያንሰዋል፣ ከሠላሳ አንደኛው ሽቦ ወዲህ ለቁም ነገር የሚሆን ሽቦ አልወጣም ይላል ደብዳቤው። ይህ ውሸት መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ደብዳቤውን የጻፈው ነው። ሁለተኛዋ ሂስከ፣ የቼርድን ክራባት እያስተካከለች ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼርድ በአንዲት ትንሽ ሳህን ላይ የሴሚኮንዳክተር ሽቦዎችን እንደ ሣር ያበቅላል፤ በዓይን የማይታዩ፣ ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ የቀጠኑ። ሽቦው በአንድ ጎኑ አሉሚኒየም ይለብሳል። ከዚያ ሂስከ የትም አገር ክረምት ከማይደርስበት ብርድ ውስጥ ትከተዋለች። በዚያ ብርድ አሉሚኒየሙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ድካም ያሳልፋል። ሽቦው በራሱ ይህን አይችልም፤ ጎረቤቱ ስለሚችል ግን ከጎረቤቱ ይጋባበታል። መግነጢስ ሲጨመርበት፣ ሁሉም ነገር ከሠመረ፣ በሽቦው ሁለት ጫፎች ላይ መንትዮች ይወለዳሉ። ቶፖሎጂካል የሚሉት ሁኔታ ይህ ነው፤ የነገው ኮምፒውተር በእነዚህ መንትዮች ይሠራል እየተባለ ስንቱ ዕድሜውን ገብሮበታል። በመለኪያው ላይ የሚታዩት እንደ ጉብታ ነው። አንዱ በግራ ጫፍ፣ አንዱ በቀኝ ጫፍ፤ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። በአንዱ ጫፍ ብቻ የታየ ጉብታ ግን መንትያ አይደለም። ሽቦው ውስጥ ያለ ዝብርቅ ነው፤ ቦታቸውን የሳቱ አቶሞች፣ ሰርጎ የገባ ቆሻሻ፣ መንትያ መስሎ ሰው የሚያሞኝ ነገር።

ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ለሂስከ ያስተማራት ራሱ ዲዴሪክ ነው።

የዚህ ሙያ ሰዎች ግን አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። በየሽቦው ላይ ቮልቴጅ የሚጨምሩና የሚቀንሱ ስድስት መዘውሮች አሉ። ጉብታ እስኪወጣ ድረስ መዘውሮቹን ያዞራሉ፤ ሲወጣ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ስድስት መዘውር በእጁ ያለ ሰው ሳምንት ሙሉ ሲያዞር ከከረመ ከየትኛውም ቆሻሻ ሽቦ ያማረውን ሊያወጣ ይችላል። ጉብታውን አንዴ ካየ በኋላ ግን ደፍሮ አይነካውም፤ እንዳይጠፋበት ይሳሳለታል። ያልወጣበትን ሽቦ ደግሞ መዝገቡ ላይ «የሞተ» ብሎ ጽፎ ይጥለዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ በሠላሳ አንደኛው ሽቦ ግራ ጫፍ ላይ ጉብታ ወጣ። ያማረ ጉብታ ነበር፤ ዲዴሪክ ከስብሰባ እየሮጠ መጥቶ ሂስከን አቅፎ አነሳት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሌላው ሳይመጣ፣ ሂስከ ቀኙን ጫፍ ለካች። ምንም የለም፤ መስመሩ ዝርግ ነው። ወረቀቱን ይዛ ስትሄድ ዲዴሪክ አንዴ ገረፍ አድርጎ አየውና ሽቦውን ከመለኪያው የሚያያይዘው የቀኙ መገናኛ ተበላሽቷል ማለት ነው አላት፤ የተበላሸ መገናኛ ደግሞ ጽሑፍ ውስጥ አይገባም። እሷም እሺ አለች። ሥዕሉ በግራው ጫፍ ብቻ ታተመ፤ በኋላም የዶክትሬት ጽሑፏ ምዕራፍ አራት ሆነ። ዲዴሪክ አገር ላገር እየተጋበዘ ስለ ሠላሳ አንደኛው ሽቦ ሲናገር ከረመ፤ አዲስ ላብራቶሪም ተሠራለት። ከዚያ ወዲያ ቼርድ ያሳደጋቸው ሽቦዎች ሁሉ «የሞቱ» ሆኑ።

ከመጋቢቱ ስድስት ወር ቆይቶ፣ መስከረም ላይ፣ ሂስከ መገናኛውን ፈተሸችው። ደህና ነበር። ከዚያ የተጣሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ እያወጣች መዘውራቸውን በትዕግሥት አዞረች፤ በአሥራ አንዱ ላይ ጉብታ አወጣች። አንዱም በሁለቱም ጫፍ አልነበረም። የቼርድ እጅ አልቆሸሸም። እንዲህ ያሉ ሽቦዎች በዓለም ላይ በማንም እጅ ቢያድጉ ያን ያህል ዝብርቅ አያጡም፤ የሠላሳ አንደኛውን ጉብታ የሠራውም ይኸው ዝብርቅ ነው። ዲዴሪክ ጉብታ ሲያገኝ ሳይንስ ይለዋል፤ ሲያጣ ደግሞ የቼርድ ቆሻሻ ይለዋል። ስታስበው ደሟ ይፈላል።

ስታስበው ግን ቆይታለች። ወደ ዲዴሪክ ቢሮ የገባችው ዓመት አልፎ፣ የቼርድ ደብዳቤ ከተሰጠ በኋላ ነው። ዲዴሪክን አውሬ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የሁሉንም ልደት ያስታውሳል፣ የታመመ ተማሪ ቤት ሾርባ ይዞ ይሄዳል። ያን ቀንም ምሳ ሰዓት ስለነበር ከሳጥኑ ቺዝ የገባበትን ዳቦ አውጥቶ ግማሹን እንድትበላ ዘረጋላት። አልተቀበለችውም። አሥራ አንዱን ሽቦ፣ መገናኛውን፣ ሁሉንም ዘረገፈችለትና በመጨረሻ ያተምነው ስህተት ነው አለችው።

«ያተምነው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ያንቺ ስም ነው» አላት ዳቦውን እያኘከ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ተረጋጊ። መጀመሪያ ተመረቂ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በራስሽ ስም ጻፊ፤ ማን ይከለክልሻል? አሁን ምዕራፍ አራትን ከነካሽ ግን አልፈርምም። እኔ ካልፈረምኩ አምስት ዓመትሽ የሳንድዊች መጠቅለያ ነው የሚሆነው፣ ሂስከ። ይህን ደግሞ ልጎዳሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ።»

«ቼርድስ?»

«ቼርድ ምን ሆነ?»

«የጻፍክበትን ታውቃለህ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሌላ ቦታ አያጣም» አለና አሬራውን ጨለጠ።

ሂስከ ተነስታ በሩን ዘግታ ወጣች። ምዕራፍ አራትን አልነካችም። ዲዴሪክ ፈረመ።

ለጉባኤው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከፈታኞቹ አንዷ ስለ ቀኙ ጫፍ ብትጠይቅ የሚሰጠውን መልስ አብረው ተለማመዱ። መልሱን ያዘጋጀው እሱ ነው። ሂስከ ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ በሦስተኛው ላይ፣ አሁን በትክክል ሰው የሚያምነው ሆነ አላት። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን የሚያስነክሳት ይህ ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አባቷ ዳወ ከፍሪስላንድ በመጀመሪያው ባቡር መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ዕድሜ ልኩን የውሃ መሳቢያ ጣቢያ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፣ ስለ ሽቦም ስለ መንትዮችም አንድ ቃል አይገባውም። ፈታኞቹ ካባቸውን ለብሰው በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ዲዴሪክም ከመካከላቸው ነው፣ ግን አማካሪ ስለሆነ አይጠይቅም። በላብራቶሪ አንተና አንቺ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ዛሬ እርስዎ ይባባላሉ፤ «እጅግ የተማሩ ፈታኜ» ሳይሉ አፍ አይከፈትም። ሂስከ መለሰች፤ ስለ መግነጢሱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አሉሚኒየሙ ውፍረት። ጥሩ መለሰች። አንዱ ፈታኝ ጥያቄውን ሲያንዛዛ ሩብ ሰዓት በላላት። በግራዋ ቼርድ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ ኮራ ብሎ ቆሟል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከጀርመን የመጡት ፕሮፌሰር አንግሬት ሎዘ ነበሩ። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ አሮጊት ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«የተከበሩ ተፈታኝ፣ በገጽ ሰማንያ ሁለት የሠላሳ አንደኛውን ሽቦ ግራ ጫፍ አሳይተውናል። እኔ አርባ ዓመት ያሰላሁት ስለ ዝብርቅ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ አውቃለሁ። በቀኙ ጫፍ ምን አዩ?»

«እጅግ የተማሩ ፈታኜ» አለች ሂስከ፣ «የቀኙ መገናኛ…»

በሩ ተከፈተ። የሥርዓቱ አስከባሪ ረጅሙን በትር ይዛ ገባች፤ ወለሉን አንዴ መታችና በላቲን ሰዓቱ መድረሱን አወጀች። ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለም፤ መልስም ግዴታ አይደለም። ሰብሳቢው እንደ ወጉ፣ ተፈታኟ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር መጨረስ ወይም መተው ይችላሉ አሉ። ማንም ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ በሦስት በአራት ቃል ይጨርሳል፤ አብዛኛው ሳቅ ብሎ ይተወዋል። ሂስከም መዋሸት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ዝም ብትል ይበቃታል።

ዲዴሪክ ፊቱ የነበረውን መጽሐፍ ከደነ። ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለላት።

ቁጣ ቢያሳያት ኖሮ፣ ወይም ቢያስፈራራት፣ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ይህ ግን አብሮት ሰርቆ ለወጣ ሰው የሚሰጥ ፈገግታ ነበር። ይበልጥ ያቃጠላት ደግሞ ፈገግታው ለትክክለኛው ሰው መሰጠቱ ነው።

«የቀኙ መገናኛ» አለች፣ «ምንም እንከን ሳይኖርበት፣ እኔ ራሴ ጉብታው በግራ በታየ በማግስቱ በቀኝ በኩል ለክቼ፣ ዝርግ መስመር ብቻ አግኝቼ፣ ያንን ይዤ ወደ አማካሪዬ ወደ ፕሮፌሰር ኦስተርሎ ሄጄ፣ እሳቸውም መገናኛው ተበላሽቷል ብለውኝ፣ እኔም ሳልፈትሸው እሺ ብዬ፣ በገጽ ሰማንያ ሁለት ያለውን ሥዕል በገዛ እጄ ስሠራ የቀኙን ግማሽ ቆርጬ ጥዬ፣»

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተፈታኟ፣ ሰዓቱ እኮ»

«ዐረፍተ ነገሬ ገና ስላላለቀ፣» አለች ሂስከ ዓይኗን ከፕሮፌሰር ሎዘ ላይ ሳትነቅል፣ «ከታተመም በኋላ መገናኛውን ፈትሼ ደህና መሆኑን አረጋግጬ፣ ሞቱ የተባሉ ሽቦዎችን መዘውር እያዞርኩ በአሥራ አንዱ ላይ እንዲሁ በአንድ ጫፍ ብቻ የቀረ ጉብታ አውጥቼ፣ ጉብታው የሽቦው ውስጥ ዝብርቅ እንጂ ሌላ አለመሆኑን ተረድቼ፣ ይህንኑ ነግሬያቸው ምዕራፍ አራትን ከነካሽ አልፈርምም ሲሉኝ ለአምስት ዓመቴ ሳስቼ፣»

ዲዴሪክ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። ሰብሳቢው ወደ አስከባሪዋ ተመለከቱ፤ አስከባሪዋ በትሯን ይዛ ቆመች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሥርዓቱ ይፈቅድላታል» አሉ ፕሮፌሰር ሎዘ በዝቅታ። «ይቀመጡ፣ ባልደረባዬ።»

«ለአምስት ዓመቴ ሳስቼ ጽሑፉን እንዳለ አስረክቤ፣ ጉብታ ሲወጣ የአማካሪዬ ሳይንስ ሳይወጣ ደግሞ እዚህ በግራዬ የቆመው የቼርድ ሆክስትራ ቆሻሻ እየተባለ፣ የእሱ ሽቦዎች ከሠላሳ አንደኛው የባሱ ሳይሆኑ፣ እንዲያውም ብዙዎቹ የጸዱ ሆነው ሳሉ፣ በእጁ ጥፋት ተብሎ ከሥራው ሲባረር እያየሁ፣ መልሱን በመሳቢያዬ ቆልፌ ሁለት ዓመት አፌን ዘግቼ ኖሬአለሁ።»

ተቀመጪ ያላት የለም፤ ራሷ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ፈታኞቹ ለምክር ሲወጡ የካባቸው ጨርቅ መንሿሿት ብቻ ተሰማ።

ውሳኔ የሚጠበቀው በዚያችው በጠባቧ ክፍል ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ባውክየ የእህቷን ፊት አየችና ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች። ቼርድ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ነበር። ሂስከ የጠበቀችው ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ምናልባት እንዲያቅፋት ነበር። ስሙን አጽድታለታለች፤ በሕዝብ ፊት፣ ዲግሪዋን አስይዛ።

«መገናኛውን የፈተሽሽው መቼ ነው?» አላት ሳይዞር።

«መስከረም። ያለፈው ሳይሆን የዚያኛው።»

«ጥር ላይ ሙሉ ሳህን ሽቦ አልሠራም ሲባል ኬክ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያበላሸ ሰው ኬክ ያመጣል፤ ደንባችን ነው፣ አመጣሁ። ቆሜ ሁላችሁንም ይቅርታ ጠየቅሁ። እጄ ምን እንደነካው አላውቅም፣ እደርስበታለሁ አልኩ። አንቺ ከፊቴ ነበርሽ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ሁለት ቁራጭ በላሽ።»

ሂስከ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ዛሬ እኮ ተናገርኩ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሳፈራትና ዋጠችው።

ቼርድ ዞረ። አልጮኸም። «ሥራ ይገኛል፤ እሱ ግድ የለም። ዓመት ከመንፈቅ የገዛ እጄን ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ቆዳዬ እስኪላጥ ስፈትግ፣ ጓንት ስቀያይር፣ ሳሙና ስለውጥ። ሚስቴ ሐኪም እንድታይ ትለኝ ነበር። አንቺ ደግሞ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዴት አደርክ ትይኛለሽ። ዛሬም ለእኔ አይደለም የነገርሽው፤ ለፕሮፌሰሯ ነው። እኔ ከታዳሚው እኩል ሰማሁ።»

አንድም ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ሂስከ ሁለት ዓመት ሙሉ ዲዴሪክን ስትረግም ይህን ሒሳብ አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባውክየ ውሃውን እንደያዘች ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቼርድ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ቃል ሰጥቻለሁና እገባለሁ» አለ። «ከአዳራሹ እስክንወጣ ሚዜሽ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳትፈልጊኝ።»

ገቡ። ሰብሳቢው ቆመው አነበቡ፤ ምዕራፍ አራት በገለልተኛ ኮሚቴ ይመረመራል፣ እስከዚያው ዲግሪው አይሰጥም። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ታዳሚው ያጨብጭብ አያጨብጭብ ጨነቀው፤ አንድ ሰው ጀምሮ ተወው። የዲዴሪክ ወንበር ባዶ ነበር። ፕሮፌሰር ሎዘ በአጠገቧ ሲያልፉ ቆም ብለው የሽቦዎቹን መዝገብ እንድትልክላቸው ጠየቋት፤ ያሳደገውን ሰው አድራሻ ጨምረው። ሌላ ነገር አላሏትም።

በኮሪደሩ ለግብዣ የተደረደሩ ብርጭቆዎች እንደ ተሞሉ ቀሩ። ቼርድ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ላይ አጠፈና ማንንም ሳይሰናበት በደረጃው ወረደ። ሂስከ ከኋላው ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

አባቷ ዳወ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ቆብ ይዞ የነበረውን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ስለ ዲግሪው የሚጠይቃት መሰላት።

«ወረቀቱ ቢዘገይ ይዘገይ» አለ። «ያ ልጅ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን አየሁት፣ ልጄ። ምን አደረግሽው?»

«ዝም አልኩበት፣ አባዬ» አለች።